«ያቺን የህንዷን ትሠሪልኛለሽ?»

እማዬ ጥርሷን ካስነቀለች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የተሠራላትን ጥርስ «ድዴን በላኝ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። ቆሎ ቀረ፣ ጥብስ ቀረ፣ ዳቦ ቆሎ ቀረ። ቅዳሜ ሲሆን ግን በጠዋት ትደውልልኛለች። ሰላምታው አያልቅም። ሲያልቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺን የህንዷን ትሠሪልኛለሽ?» ትለኛለች።

«የህንዷ» በዳቦ፣ በድንችና በእርጎ የሚሠራ መክሰስ ነው። ዳቦው ውኃ ነክቶት ይጨመቃል። መሃሉ ቅመም ያለው ድንች ይገባበትና ይድቦለቦላል። ከዚያ ቀዝቃዛ፣ ጣፈጥ ያለ እርጎ ይፈስበታል። ላዩ ላይ የቴምር ስጎ፣ የተቆላ ከሙንና ቁንጥር ሚጥሚጣ ይደረግበታል። ዘይት የሚባል አይነካውም። ጥርስም አይጠይቅም።

ጅማ ከተማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የስፌት ቤት አለችኝ። ባለፈው ወር ለእማዬ የሠራሁት ተርፎኝ ለደንበኞቼ አቀመስኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሊለኩ የመጡ ሁሉ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ይሉኛል። በአፍ ስነግራቸው ዳቦው ላይ ሲደርሱ ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ጻፍኩት። ግን መጀመሪያ ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ ቆጪ ነበር የምንኖረው፤ እማዬ አሁንም እዚያው ናት። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የህንድ መምህራንን በከተማችን ማየት የተለመደ ሆነ። አንዱ ከነባለቤቱ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ተከራየ። 1999 ዓ.ም. ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ባለቤቱ የላክናው ልጅ ናት፤ ላክናው በሰሜን ህንድ የኡታር ፕራዴሽ ዋና ከተማ ናት። «አንቲ በሉኝ» አለችን። አንቲ ሆና ቀረች።

አንቲ ሥጋ አትበላም። ዓሣም፣ እንቁላልም አትነካም። ወተትና እርጎ ግን ከቤቷ አይጠፋም። እማዬን ይሄ ነገር ግራ አጋባት። «ጿሚ ናት እንዳልል ወተት ትጠጣለች፤ ትፈታለች እንዳልል ሥጋ አይታ አታውቅም» ትል ነበር።

የካቲት ማለቂያ ላይ አንድ ቀን በራችን ተንኳኳ። አንቲ ናት፤ ጉንጯና ፀጉሯ ሮዝ ቀለም ተቀብቷል። ሆሊ የሚሉት የቀለም በዓላቸው ነበር። በእጇ ጠፍጣፋ ሰሃን ይዛለች። ሰሃኑ ላይ ነጫጭ ድብልብሎች በእርጎ ተሸፍነዋል፤ በእርጎው ላይ ቡናማና አረንጓዴ መስመር ተሠርቷል፤ የሮማን ፍሬ ተበትኖበታል። እንደዚያ ያማረ ምግብ አይቼ አላውቅም ነበር።

ግን ሁዳዴ ነው።

እማዬ ሰሃኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አንቲ አልሄደችም፤ እስክትቀምስላት ትጠብቃለች። እማዬ «ጾም ላይ ነን» አለቻት። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፣ በሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ። አንቲ «ሥጋ የለበትም» አለች። እማዬ «እርጎ አለበት» አለች። አንቲ ደስ አላት። «እርጎማ የጾም ነው!» አለች። በእነሱ ዘንድ በጾም ቀን ወተትና እርጎ ይፈቀዳል። ሁለት ጿሚ ሴቶች ደጃፋችን ላይ ቆመው ተያዩ።

ሰሃኑ ለጎረቤቶቻችን፣ ለሙስሊሞቹ ልጆች ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሲበሉ አየሁ። ሰሃን ባዶ አይመለስምና እማዬ የገብስ ቆሎ ሞልታ መለሰችላት።

ፋሲካ በዚያ ዓመት መጋቢት 30 ነበር። በሳምንቱ አንቲ ያንኑ ሰሃን ይዛ መጣች። ቀኑን ስትቆጥር ነበር ማለት ነው። እማዬ ሰሃኑን እንደያዘች በማንኪያ ቀመሰች፣ ዝም አለች፣ ደገመች። ከዚያ «ይሄማ የዳቦ ፍትፍት ነው!» አለች። እርጎ ፍትፍት እኮ እናውቃለን። እንጀራ በእርጎ ተፈትፍቶ ያላደገ ልጅ የለም። ልዩነቱ ይሄኛው ቅርጹን ይዞ ይቀመጣል፤ ማንኪያ ሲነካው ነው የሚፈታው። እማዬ በማግስቱ «ወጥ ቤትሽ ልግባና ልይ» ብላ አስተረጎመችኝ።

የመጀመሪያው ትምህርት ላይ አንቲ የተቀቀለውን ድንች እያሳየች «አሉ» አለች። እማዬ «ማን ናቸው ያሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። አንቲ ደግማ «አሉ፣ አሉ» አለች፣ ድንቹን ከፍ አድርጋ። ለካ በህንድኛ ድንች «አሉ» ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ድንች ስሙ ይሄው ሆነ። እስካሁን እማዬ «አሉ ቀቅለሻል?» ትለኛለች። ድንች ለነገሩ ለእነሱም ለእኛም እንግዳ ነው። ህንድ ያስገቡት ፖርቱጋሎች ናቸው። ወደ እኛ አገር ደግሞ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1858 እ.ኤ.አ. እንዳመጣው ነው የሚነገረው።

አንቲ ያስተማረችን አቋራጩን ነው። ዋናው ምግብ ዳሂ ባላ ወይም ዳሂ ቫዳ ይባላል፤ «ዳሂ» እርጎ ማለት ነው። እዚያ ዳቦ የለም። ኡራድ የሚሉት የማሾ ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ አድሮ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ እስኪነፋ ይመታል፣ በዘይት ይጠበሳል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ይነከርና በሁለት መዳፍ ይጨመቃል። ዘይቱ ይወጣል፤ ባዶ የቀረው ቦታ እርጎ ይጠጣል። ኡራድ በጅማ ገበያ ስላላገኘች አንቲ በዳቦ ትሠራው ነበር። አገሯም ቢሆን ጊዜ ያጠራት ሴት ሁሉ እንደዚያ ታደርጋለች አለችን። መንከሩና መጭመቁ ግን ከዋናው ምግብ ሳይለወጥ መጥቷል። ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

ለአምስት ሰው 10 ቁራጭ ፎርኖ ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ ድንች፣ ከአንድ ሊትር ወተት የረጋ እርጎ፣ 12 ፍሬ ቴምር፣ ሁለት ሎሚ፣ ከሙን፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ስኳር ያስፈልጋል። ሮማን ከተገኘ እሰየው።

እርጎው ቀድሞ ነው የሚጀመረው። ሐሙስ ማታ ወተቱን አፈላና አቀዘቅዘዋለሁ። ትንሿ ጣቴን ነክሬ አስር እስክቆጥር ካላቃጠለኝ ደርሷል። ከቀድሞው እርጎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሬ አማስላለሁ፣ እከድናለሁ፣ በጋቢ ጠቅልዬ አሳድራለሁ። ይሄ የአንቲ መንገድ ነው። የእኛ ወተት ያለ እርሾ በራሱ ጊዜ ይረጋል፤ ጎምዘዝ ይላል፤ ዕቃው በወይራ ከታጠነ ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል። አንቲ ጭሱን አልወደደችውም። እኔ ግን በዚህ አልስማማትም። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ የወይራ ጭስ ከቴምሩ ጣፋጭ ጋር ሲገናኝ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ እርጎው የሚረጋበትን ዕቃ ቀለል አድርጌ አጥነዋለሁ።

አንድ ጊዜ ቸኩዬ ከሱቅ የታሸገ እርጎ ገዛሁ። ቀኑ ያላለፈበት ነበር፤ ስከፍተው ግን ውኃው ተለይቶ ወጥቷል፣ ኮምጥጧል። እንግዳ ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ምግብ ቤት የረጋ እርጎ ብቻ ነው የማምነው። ቀጠን ካለባችሁ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ለግማሽ ሰዓት አንጠልጥሉት።

ድንቹ ከነቅርፊቱ ይቀቀላል። ተልጦ ከተቀቀለ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ድንች ደግሞ ዳቦውን ከውስጥ ያፈርሰዋል። ሐሙስ ሄርማታ ገበያ ላይ ድንች የምገዛት ሴትዮ ድንቿ ከጅማ አቅራቢያ ካለችው ከደዶ የመጣ ነው ትለኛለች። ሲቀቀል ዱቄት ዱቄት ይላል፣ የሚፈለገውም እንደዚያ ያለው ነው። በትኩስነቱ ልጡትና አንድም ጓል ሳይቀር ፍጩት። ጨው፣ በደቃቁ የተከተፈ ቃሪያ፣ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተቆላ ከሙን፣ የድንብላል ቅጠል፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ቅመሱት። ለብቻው ሲቀመስ ትንሽ ጨውና ቃሪያ የበዛበት መምሰል አለበት፤ ዳቦውና እርጎው ያለዝቡታል። ከእንቁላል አነስ እያደረጋችሁ አስር ቦታ አድቦልቡሉት።

አሁን ዳቦው። እባካችሁ እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

ዳቦው የትናንት ይሁን። የዛሬ ዳቦ ውኃ ሲነካው ይቀደዳል። ሦስት ቀን ያደረ ደግሞ ይሰነጠቃል። ዳር ዳሩን ቅርፊት በቢላ አንሱት። ቅርፊቱን አትጣሉት፤ ደርቆ ሲፈጭ ለሌላ ይሆናል። ሰፋ ያለ ሰሃን ላይ ውኃ አድርጉ። አንዱን ቁራጭ አስተኙት፣ «አንድ፣ ሁለት» በሉ፣ አንሱት። ሦስት ካላችሁ አለፈ። በግራ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ቀኙን መዳፍ ክደኑበት፣ ጸሎት ላይ እንደምንይዘው ግጥም አድርጋችሁ ጭመቁ። ማጠማዘዝ የለም፣ መጨበጥ የለም። ውኃው በጣቶቻችሁ መሃል ይወርዳል። መዳፋችሁን ስትከፍቱ ዳቦው እንደ እርጥብ ሻሽ ስስ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ድንቹን መሃሉ ላይ አስቀምጡ። አራቱን ጫፎች ሰብስቡና ላዩ ላይ አገናኙ። እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሄንን በስፌት ነው የማስበው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ካልተደራረበ ስፌቱ ይተረተራል። ጫፎቹን ትንሽ አደራርባችሁ በአውራ ጣት አሽጉት። ከዚያ በሁለት መዳፍ ሳትጫኑ አሽከርክሩት። ስፌቱ ይጠፋል። ነጭ፣ ለስላሳ ድብልብል ይወጣል። ስፌቱ የነበረበትን ወደ ታች አድርጋችሁ ሰሃን ላይ ደርድሩ።

አንቲ ይሄንን ስታደርግ አንድ ቁራጭ ዳቦ ሃያ ሰከንድ አይፈጅባትም ነበር። እማዬ ከጎኗ ቆማ ሦስት ዳቦ ቀደደች። አራተኛው ላይ አንቲ የእማዬን እጆች ከላይና ከታች ያዘቻቸውና አብራ ጨመቀች። «ስሎሊ» አለች። ለእማዬ አልተረጎምኩላትም፤ ገብቷታል። ሁለቱ ሴቶች አራት መዳፍ አንድ ላይ አድርገው፣ ውኃው በክርናቸው ሲወርድ አሁንም ይታየኛል።

እርጎውን በሹካ ምቱት፣ በወንፊት አሳልፉት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምሩበት። በደንብ ይቀዝቅዝ። እኛ ሰፈር መብራት ሰዓት አይጠብቅም፤ ማቀዝቀዣውን ሳልጠብቅ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ውኃውን ሁለቴ እቀይራለሁ።

ስጎው ቀላል ነው። በህንድ ከሁመር ነው የሚሠሩት፣ ያ ጎምዛዛ ቡናማ ፍሬ፤ ከቴምር ጋር ያፈሉታል። እኔ በቴምርና በሎሚ እሠራዋለሁ። የቴምሩን ዘር አውጥታችሁ በአንድ ብርጭቆ ውኃ አፍሉት፣ ሲፈርስ ጨፍልቁት፣ አጥልሉት። የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር ጨውና ቁንጥር የዝንጅብል ዱቄት ጨምሩ። ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ ይሁን። አረንጓዴው ደግሞ ናና፣ የድንብላል ቅጠልና ቃሪያ አንድ ላይ ተፈጭቶ ነው። ለዚህ እንኳ ከጎረቤት መማር አላስፈለገንም። ቆጭቆጫ ያለበት ቤት ውስጥ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ ቀጠን አድርጉትና ጠብታ ሎሚ ጣሉበት።

ከሙኑን በደረቅ ምጣድ ላይ ቆልታችሁ በሙቀጫ ውቀጡት። ሽታው ከቤት ወጥቶ ደጅ ሲደርስ አንሱት፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ስም ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ብቻዬን መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ ባለቅመሟን «አዝሙድ» አልኳት፣ ነጭ አዝሙድ ሰጠችኝ። ነጭ አዝሙዳችን በህንድኛ አጅዋይን ነው፣ ጥቁር አዝሙዳችን ካሎንጂ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጂራ የሚሉት፣ እኛ ከሙን የምንለው ነው። ነጭ አዝሙድ ኃይለኛ ስለሆነ እርጎው ሌላ ጣዕም እንዳይኖረው አድርጎ ያዘው። አንቲ ከአገሯ ያመጣችው ጥቁር ጨውም ነበራት። ስሙ ጥቁር ነው እንጂ ሲፈጭ ሮዝ ነው፤ ሽታው የተቀቀለ እንቁላል ይመስላል። እሱ አሁን የለኝም። ሳይኖርም ይሆናል።

ድብልብሎቹ ላይ እርጎውን አፍስሱ፣ ሩብ ሰዓት ይጠጡ። ከዚያ የቴምር ስጎ፣ አረንጓዴው፣ ከሙን፣ ሚጥሚጣ፣ ሮማን። አቀራረቡን ለምን እንደዚህ እንደሚያበዙት አንቲን ጠይቄያት ነበር። እንዲህ ያሉትን መክሰሶች በጠቅላላ «ቻት» ይሏቸዋል። ቃሉ ከመላስ የመጣ ነው አለችኝ። ጣፋጩ፣ ኮምጣጣው፣ የሚያቃጥለው፣ ቀዝቃዛው፣ ሁሉም በአንድ ማንኪያ እንዲገባ ነው። ስለዚህ አታማስሉት። ከላይ እስከ ታች በማንኪያ ቁረጡት።

ከቡና ጋር አታቅርቡት። ጅማ ውስጥ ሆኖ ይሄንን መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን የቡና ቁርስ ቆሎና ዳቦ ነው። ይሄ የአስር ሰዓት መክሰስ ነው። ቡናው ከሱ በኋላ ይፈላ።

የ2000 ዓ.ም. ረመዳን ከእንቁጣጣሽ ጋር ተያይዞ ነበር የገባው። ያኔ ሰሃኑ ሁዳዴ ላይ የደረሳቸው ጎረቤቶቻችን «ያ ነገር ለፊጥር ይሆን ነበር» ብለው አስታወሱ። አንቲም በላክናው በረመዳን በየቤቱ እንደሚሠራ ነገረችን። እማዬና አንቲ አብረው አርባ ፍሬ ሠሩ። ሳምቡሳና ሾርባ ያለበት ገበታ ላይ መሃል ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ለጾመ ሰው ቀዝቃዛ እርጎ ምን እንደሚሆን እዚያ ገበታ ላይ አየሁ።

የባሏ ውል አልቆ በ2001 ዓ.ም. ሄዱ። አንቲ ሻንጣዋን ስትዘጋ አንድ ዕቃ ውጭ አስቀረች። ክብ የብረት ጣሳ ነው፤ ውስጡ ሰባት ትንንሽ ኩባያዎች አሉ፣ ስድስቱ ዙሪያውን፣ አንዱ መሃል። ህንዶች የቅመም ዕቃቸው ነው፤ ማሳላ ዳባ ይሉታል። በእማዬ እጅ አስይዛት ሄደች።

ጣሳው እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ክዳኑ አንድ ቦታ ላይ ጎድጉዷል፣ የብረቱ ወዝ ግን አልለቀቀም። በርበሬ አለበት፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ እርድ። መሃለኛዋ ኩባያ የከሙን ናት። እማዬ በወጧ ውስጥ ከሙን አታስገባም። ለቅዳሜዋ ብቻ ነው የምታኖረው።

ዛሬ ድብልብሎቹን በምሳ ዕቃ፣ እርጎውን ለብቻው በጠርሙስ አድርጌ በባጃጅ ሄድኩ። ለየብቻ ያዙ፤ የቆጪ መንገድ ላይ አብሮ ከተቀመጠ ሲደርስ ገንፎ ነው። እማዬ ደጅ ወንበሯ ላይ ሆና ጠበቀችኝ። እርጎውን እኔ አፈሰስኩ። ከሙኑን ግን ራሷ ነች የምትነሰንሰው፤ ማንም አይነካባትም። ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተች፣ ሁለት ጣቷን መሃለኛዋ ኩባያ ውስጥ ከተተች፣ ከፍ አድርጋ በተነች። ሦስት ፍሬ በላች። የሰሃኑን እርጎ በማንኪያው ጀርባ ሰብስባ ላሰችው።

ከዚያ ኩባያዋን ወደ እኔ አዘነበለችና ታችኛውን ብረት አሳየችኝ። «ሐሙስ ሄርማታ ትወርጂ የለ?» አለችኝ። «ከሙን በይ እንግዲህ። አዝሙድ እንዳትያቸው።»